ሳይክሉ ጤና ነው፤ መንገዱስ?

«የኢትዮጵያ ሯጮች ምስጢር ምንድነው?» የሚለው ጥያቄ በተነሳ ቁጥር መልስ ሆኖ የሚቀርብ አንድ የታወቀ ታሪክ አለ። ኃይሌ ገብረሥላሴ አሰላ አቅራቢያ ሲያድግ ትምህርት ቤት ለመድረስ ጠዋት 10 ኪሎ ሜትር ይሮጥ ነበር። ማታ ሲመለስም ሌላ 10 ኪሎ ሜትር። ደብተሩን ግራ ክንዱ ሥር ሸጉጦ ስለሚሮጥም የዓለም ሻምፒዮን ከሆነ በኋላ እንኳን ግራ እጁ እንደታጠፈ ቀረ። ይህን ታሪክ የውጭ ጋዜጠኞች ጽፈውታል፣ የአገር ውስጦቹም ደጋግመውታል። ሁሉም የሚያደንቀው ግን እግሩን፣ ሳንባውንና የአርሲን ከፍታ ነው። ስለ መንገዱ ብዙ አልተባለም። ያ ልጅ አሠልጣኝ አልነበረውም፣ ክለብ አልነበረውም፣ የመሮጫ ጫማም አልነበረውም። የነበረው በየቀኑ የሚመላለስበት መንገድ ብቻ ነው።

ጥያቄው ወደ ከተማ ሲመጣ ታሪኩ ይለወጣል። አዲስ አበባ ውስጥ በሰርቪስ የሚመላለስ ተማሪ ጠዋት ከደጁ ተሳፍሮ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ይወርዳል። ቀኑን ወንበር ላይ ይውላል። ማታ የቤት ሥራ አለ፣ ከዚያ ቴሌቪዥን፣ ከዚያ የእናት ወይም የአባት ሞባይል። ልጁ ሰነፍ ሆኖ አይደለም። የሚንቀሳቀስበት ሰዓትና ቦታ ከዕለት ኑሮው ውስጥ ቀስ እያለ ወጥቶበት ነው። ለዚህ ለጠፋው መንገድ ምትክ ሊሆኑ ከሚችሉት ነገሮች መካከል ደግሞ ልጆች ራሳቸው ለምነውና አልቅሰው የሚፈልጉት ብስክሌት ነው። ስፖርት ሥሩ ብለው ሳይገፏቸው ስፖርት የሚሠሩበት መሣሪያ ከዚህ የተሻለ ማግኘት ይከብዳል።

ታዲያ ምን ቸገረ? ችግሩ ያለው ብስክሌቱ ላይ አይደለም። ብስክሌቱ የሚሄድበት መንገድ ላይ ነው።

60 ደቂቃ ከየት ይምጣ?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ መሠረት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ የልብ ምትንና ትንፋሽን የሚጨምር እንቅስቃሴ ሊያደርጉ ይገባል። በሳምንት ቢያንስ ሦስት ቀን ደግሞ እንቅስቃሴው ጠንከር ያለ፣ ጡንቻንና አጥንትን የሚያጠናክር እንዲሆን ይመከራል። ስድሳው ደቂቃ በአንድ ትንፋሽ መሞላት የለበትም። ጠዋት 15፣ በእረፍት ሰዓት 15፣ ከትምህርት በኋላ 30 ቢሆንም ያው ነው።

ይህ ብዙ የሚባል አይደለም። ገጠር ውስጥ ከብት የሚያግድ ወይም ውኃ የሚቀዳ ልጅ ሳያስበው ያልፈዋል። የዓለም ልጆች ግን እዚያ አልደረሱም። ድርጅቱ የ2016ን መረጃ ይዞ እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ ያደረገው ጥናት እንዳመለከተው ዕድሜያቸው ከ11 እስከ 17 ዓመት ከሆኑ ትምህርት ቤት ገቢዎች መካከል 81 በመቶ የሚሆኑት ከሚመከረው በታች ይንቀሳቀሳሉ። ወንዶቹ 78 በመቶ ሲሆኑ ሴቶቹ 85 በመቶ ናቸው። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2022 ከ5 እስከ 19 ዓመት ካሉት ልጆችና ወጣቶች ከ390 ሚሊዮን በላይ የሚሆኑት ክብደታቸው ከሚገባው በላይ ነበር። ከእነሱም 160 ሚሊዮኑ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ያለባቸው ናቸው።

እርግጥ ነው ኢትዮጵያ ገና ከሕፃናት መቀንጨር ጋር የምትታገል አገር ናት። ያልበላ ልጅ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ምግብ እንጂ ፔዳል አይደለም። ይሁንና ሁለቱ ችግሮች ጎን ለጎን መኖር ይችላሉ፣ እየኖሩም ነው። አንዱ መንደር ልጅ ሲቀነጭር ሌላው መንደር በለስላሳ መጠጥና በሶፋ ይወፍራል። ለሁለተኛው ሲባል አሁን ካልታሰበበት ስኳርና ደም ግፊት ወደ ጎልማሳነት ተከትለውት ይገባሉ።

ብስክሌት በልጅ አካል ላይ ምን ይሠራል?

ብስክሌት ሲነዳ የሚሠሩት የአካላችን ትልልቅ ጡንቻዎች ማለትም ጭን፣ ባትና መቀመጫ ናቸው። ትልልቅ ጡንቻ ብዙ ኦክስጅን ይፈልጋል። ያንን ለማድረስ ልብ ቶሎ ቶሎ መምታት፣ ሳንባም አብዝቶ መሳብ ይኖርበታል። ይህ በሳምንት ብዙ ቀን ሲደጋገም ልብ በአንድ ምት የሚረጨው ደም ይጨምራል። ልጁ ቁጭ ባለበት ሰዓት የልቡ ምት ረገብ ይላል። ጡንቻዎቹ በደም ውስጥ ያለውን ስኳር በቀላሉ መጠቀም ይለምዳሉ። ሯጮች «ቤዝ» ወይም መሠረት የሚሉት ይኸው ነው፤ ልጁ ግን ሥልጠና ላይ መሆኑን እንኳን አያውቅም።

በጉዳዩ ላይ ከተሠሩት ጥናቶች መካከል በዴንማርኳ ኦዴንሴ ከተማ የተደረገው ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል። እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመው ውጤት መሠረት ትምህርት ቤት በብስክሌት የሚመላለሱ የ9 እና የ15 ዓመት ልጆች በእግር ወይም በመኪና ከሚመላለሱት የበለጠ የአካል ብቃት ነበራቸው። ከፍተኛ ብቃት ባላቸው የመጀመሪያው ሩብ ውስጥ የመገኘት ዕድላቸውም ወደ አምስት እጥፍ የተጠጋ ሆኖ ተገኝቷል።

«ጠንካራው ልጅ ስለሆነ ነዋ ብስክሌት የመረጠው» የሚል ሰው አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ተመራማሪዎቹም ከልጆቹ የተወሰኑትን ለስድስት ዓመት ተከታትለዋቸው እ.ኤ.አ. በ2008 ሌላ ውጤት አወጡ። በመጀመሪያ በብስክሌት የማይሄዱ የነበሩና በኋላ ግን ብስክሌት የጀመሩ ልጆች፣ በሁለቱም ጊዜ ብስክሌት ካልነኩት እኩዮቻቸው በብቃት 9 በመቶ በልጠው ተገኙ። አሠልጣኝ ሳይቀጠር፣ ጂም ሳይከፈል፣ ከቤት ትምህርት ቤት በመመላለስ ብቻ የተገኘ 9 በመቶ ማለት ነው። ለሩጫ ሰው 9 በመቶ ምን ማለት እንደሆነ መንገር አያስፈልግም።

ሌላም ጥቅም አለው። በሩጫ ጊዜ እያንዳንዱ እርምጃ የሰውነትን ክብደት ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ላይ ይጥላል። በብስክሌት ላይ ግን አብዛኛውን ክብደት የሚሸከመው መቀመጫው ነው። ስለዚህ ወፈር ያለና በሩጫ ሰዓት ጓደኞቹ የሚስቁበት ልጅ በብስክሌት ላይ ከሌሎቹ እኩል ይሆናል። ስፖርት ጠልቶ የነበረ ልጅ ስፖርት የሚታረቀው ብዙ ጊዜ እንዲህ ባለው ቀዳዳ ነው።

ሚዛን መጠበቅም አንድ ትልቅ ትምህርት ነው። ሁለት ጎማ ላይ የሚቀመጥ ልጅ ዓይኑን፣ ጆሮውን፣ እጁንና እግሩን በአንድ ጊዜ ማዘዝ አለበት። ፊት ለፊት ያለውን ጉድጓድ ያያል፣ ከኋላው የሚመጣውን ድምፅ ይሰማል፣ ፍሬን ይይዛል፣ መሪውን ያዞራል። ሰፈሩንም ይማራል፤ የትኛው ቅያስ የት እንደሚያወጣ፣ የትኛው ግቢ ውሻ እንዳለው በመኪና መስኮት ከሚያይ ልጅ በተሻለ ያውቃል። ወድቆ መነሳቱ፣ ብቻውን ሄዶ መመለሱ በራስ መተማመንን ይሰጠዋል።

ዓይንም ተጠቃሚ ነው። በቻይናዋ ጓንጁ ከተማ በ12 አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት እንዳሳየው በትምህርት ቀን 40 ደቂቃ ተጨማሪ ጊዜ ከቤት ውጭ እንዲያሳልፉ ከተደረጉት አንደኛ ክፍል ገቢዎች መካከል በሦስት ዓመት ውስጥ የሩቅ ማየት ችግር የጀመራቸው 30.4 በመቶ ናቸው። እንደወትሮው ከቀጠሉት መካከል ግን 39.5 በመቶ የሚሆኑት ችግሩ አግኝቷቸዋል። እዚህ ላይ ሥራውን የሠራው ብስክሌት ሳይሆን ደጅ መዋልና የቀን ብርሃን ነው። ነገር ግን ልጅን ከስክሪን አንስቶ ደጅ ለማዋል ብስክሌትን የሚያህል ምክንያት የት ይገኛል?

ሚዛኑ እንዳይዛባ አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። ብስክሌት ሁሉንም ነገር አይሠራም። ክብደትን መቀመጫው ስለሚሸከመው አጥንትን በማጠንከር በኩል እንደ ሩጫ፣ ዝላይና ገመድ አይሆንም። ስለዚህ ብስክሌት የሚነዳ ልጅ ኳሱንም፣ ገመዱንም፣ ሰኞ ማክሰኞውንም መጫወት አለበት። ብስክሌቱ የሚጨመር እንጂ የሚተካ አይደለም።

የሰፈር ሳይክል ኪራይ

አዲስ አበባ ለልጆች ብስክሌት እንግዳ አይደለችም። በየሰፈሩ የሳይክል አከራይ የነበረበትን ጊዜ ብዙ ወላጆች ያስታውሱታል። ሳንቲም ተዋጥቶ አንድ ሳይክል በደቂቃ ይከራያል። ለሦስትና ለአራት ልጅ በዙር ይዳረሳል። እግሩ ከላይ የማይደርስ ልጅ እግሩን በብረቱ ሥር አሾልኮ ተንጋዶ ይነዳል። አከራዩ ሰዓቱን እያየ «ደርሷል!» ብሎ ሲጮህ ያልሰማ መስሎ አንድ ዙር መስረቅም የወግ ነበር። በዚያ መንገድ ሚዛን የለመደ ትውልድ ቀላል አይደለም።

ያ ነገር በብዙ ሰፈር የቀነሰው ልጆች ብስክሌት ስለጠሉ አይደለም። ባዶ ሜዳው ሕንፃ በቀለበት፣ ቅያሱ መኪና ማቆሚያ ሆነ፣ ውስጥ ለውስጡ መንገድ ደግሞ ሚኒባስ ከዋናው መንገድ መጨናነቅ ሸሽቶ የሚያቋርጥበት ሆነ። ባሕር ዳርና ሐዋሳን በመሰሉ ሜዳማ ከተሞች ብስክሌት ዛሬም የትልቅ ሰው መጓጓዣ ነው። ልጅ አባቱን ወይም ጎረቤቱን ሲነዳ እያየ ያድጋል። በአዲስ አበባ ግን ለብዙ ቤተሰብ ብስክሌት የግቢ መጫወቻ ሆኗል። ግቢ ያለው በግቢው ይነዳል። ኮንዶሚኒየም ያለው ብሎኩን ይዞራል። ሁለቱም የሌለው ሻጭ ሱቅ በር ላይ ቆሞ ያያል።

ፍርሃቱ ከመሬት የተነሳ አይደለም

ወላጅ «ልጄን መንገድ ላይ በሳይክል አልለቅም» ሲል ፈሪ ሊባል አይገባም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት በ2021 ብቻ በዓለም ላይ 1.19 ሚሊዮን ሰው በመንገድ አደጋ ሞቷል። ከ5 እስከ 29 ዓመት ባለው ዕድሜ ቀዳሚው የሞት ምክንያት ወባም ሆነ ኤች አይ ቪ ሳይሆን የመንገድ አደጋ ነው። በአዲስ አበባም በትራፊክ አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ መኪና ውስጥ ያሉት ሳይሆኑ እግረኞች ናቸው። በእግሩ የሚሄደውን ያላስተረፈ መንገድ በሁለት ጎማ የሚሄደውን ሕፃን ያስተርፋል ማለት ዘበት ነው።

በተጨማሪም ልጅ ትንሽ ትልቅ ሰው አይደለም። ቁመቱ አጭር ስለሆነ ከቆመ መኪና ጀርባ አይታይም፣ እሱም አያይም። የሚመጣ መኪና ፍጥነትና ርቀት መገመት ገና አልዳበረለትም። ኳስ ወይም ጓደኛ ካየ ሌላው ሁሉ ይጠፋበታል። «ተጠንቀቅ ብዬው ነበር» የሚለው ቃል የልጅን አእምሮ አያሳድገውም።

ከሁሉ የከፋው የጭንቅላት ጉዳት ነው። ሄልሜት እዚህ ላይ የሚያደርገው አስተዋጽኦ በደንብ ተጠንቷል። የተለያዩ ጥናቶች ተሰብስበው ሲገመገሙ ሄልሜት ማድረግ በብስክሌት አደጋ የሚደርስን የጭንቅላትና የአንጎል ጉዳት ከ63 እስከ 88 በመቶ እንደሚቀንስ ታይቷል። ሄልሜቱ ግን በትክክል መጠለቅ አለበት። ወደ ኋላ ተገፍቶ ግንባር ክፍት ከተተወ ጌጥ ነው። ከቅንድብ በላይ ሁለት ጣት ያህል ብቻ ቀርቶ ቀጥ ብሎ መቀመጥ፣ ማሠሪያውም ከአገጭ ሥር ከአንድ እስከ ሁለት ጣት ብቻ የሚያስገባ መሆን ይኖርበታል። አንዴ በኃይል የተመታ ሄልሜት ከላይ ደህና ቢመስልም ውስጡ ሊሰነጠቅ ስለሚችል መቀየር አለበት።

አንድ ሌላ የተለመደ ስህተት አለ። ጫማና ሹራብ ሲገዛ «ያድግበታል» የሚባለው ነገር ወደ ብስክሌትም ይሻገራል። የ6 ዓመት ልጅ የ10 ዓመት ልጅ ብስክሌት ይገዛለታል። ሹራብ ቢሰፋ እጁ ይጠቀለላል። ብስክሌት ሲሰፋ ግን እግር መሬት አይደርስም፣ ጣትም ፍሬን አይጨብጥም። ልጁ መቀመጫው ላይ ሆኖ የእግሩ ጣቶች መሬት ሊነኩ፣ ወርዶ ሲቆምም የመሐሉ ብረት ሳይነካው ሊቆም ይገባል። ፍሬኑን በራሱ እጅ ጥርቅም አድርጎ መያዝ ካልቻለ ያ ብስክሌት ለእሱ አይደለም።

ሆላንዶች እንዴት አደረጉት?

እዚህ ደረጃ ሲደረስ «ይህ የሠለጠነ አገር ነገር ነው፤ ሆላንዶች ሲፈጥራቸው በብስክሌት ነው» የሚል መልስ ይመጣል። ታሪኩ ግን እንደዚያ አይደለም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሆላንድም እንደ ሌላው የአውሮፓ አገር ወደ መኪና አዘንብላ ነበር። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ለመኪና መንገድ ሲባል ሰፈሮች ፈረሱ፣ ብስክሌተኛው እየተገፋ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1971 በአገሪቱ 3,300 ያህል ሰዎች በመንገድ አደጋ ሲሞቱ ከ400 በላይ የሚሆኑት ልጆች ነበሩ።

በቀጣዩ ዓመት የገዛ ልጁን በመኪና አደጋ ያጣ አንድ ጋዜጠኛ «የሕፃናቱ ግድያ ይቁም» የሚል ርዕስ ያለው ጽሑፍ አወጣ። ርዕሱ የአንድ ንቅናቄ ስም ሆነ። ወላጆችና ልጆች ራሳቸው አደባባይ ወጡ፣ መንገድ ዘጉ፣ አደጋ የበዛባቸውን ቦታዎች አሳዩ። በ1973 የነዳጅ ቀውስ ሲመጣ መንግሥት እሑድ እሑድ መኪና እንዳይነዳ አገደ። ሕዝቡም ባዶ አስፋልት ላይ በብስክሌት ሲዝናና ሌላ ዓይነት ከተማ ሊኖር እንደሚችል አየ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት የብስክሌት መስመሮች ተሠሩ፣ በመኖሪያ ሰፈሮች የመኪና ፍጥነት ተገደበ።

ዛሬ በሆላንድ ከሚደረገው ጉዞ ከሩብ በላይ የሚሆነው በብስክሌት ነው። አንደኛ ደረጃን የሚጨርሱ ተማሪዎች በብስክሌት የትራፊክ ፈተና ይፈተናሉ። የሕዝቡም የመኪናውም ቁጥር ከ1971 እጅግ ጨምሮ ሳለ እ.ኤ.አ. በ2023 በመንገድ አደጋ የሞቱት በጠቅላላ 684 ናቸው። ከዚህ ታሪክ የሚወሰደው ቁም ነገር ቀላል ነው። ሆላንዶች መንገዳቸው የተለወጠው ብስክሌት ስለሚወዱ ብቻ አይደለም። የልጅ ሞት ዕድል ሳይሆን የመንገድ አሠራር ውጤት መሆኑን አምነው ስለተነሱ ነው።

ባጀት እስኪመጣ መጠበቅም ግዴታ አይደለም። በባርሴሎና ከተማ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ወላጆች አርብ ጠዋት ልጆቻቸውን ሰብስበው በአንድነት በብስክሌት ወደ ትምህርት ቤት ማድረስ ጀመሩ። እንደ አውቶቡስ መስመርና ማቆሚያ ስላለው «የብስክሌት አውቶቡስ» ተባለ። አንድ ልጅ ብቻውን ለሾፌር አይታይም። ከትልልቅ ሰዎች ጋር የታጀበ የልጆች መንጋ ግን ማንም ሾፌር አላየሁም አይልም።

የአዲስ አበባ ጅምር

በአዲስ አበባ የተጀመሩ ነገሮች አሉ። ኅዳር 30 ቀን 2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ዋና ዋና መንገዶች ለተወሰኑ ሰዓታት ለመኪና ተዘግተው «መንገድ ለሰው» በሚል ለእግረኛና ለብስክሌተኛ ሲለቀቁ ልጆች በአደባባይ መሐል ሳይክል ሲነዱ ታይተዋል። በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማትም ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶችና ከመኪና የተለዩ የብስክሌት መስመሮች ተሠርተዋል። ይህ በከተማዋ ታሪክ ትልቅ ለውጥ ነው፤ ማመስገን ንፉግነት አያስፈልገውም።

ይሁንና የልጅ ጤና የሚለካው በዋናው ጎዳና ርዝመት አይደለም። የ9 ዓመት ልጅ ከቤቱ እስከ ትምህርት ቤቱ በሚሄድበት ውስጥ ለውስጥ መንገድ ነው። ያማረ የብስክሌት መስመር አደባባይ ላይ ቢኖርም እዚያ ለመድረስ ሚኒባስና ሲኖትራክ የሚጋፉበትን ቅያስ ማለፍ ካለበት ለልጁ መስመሩ የለም ማለት ነው። መስመሩ ቢኖር ደግሞ መኪና ቆሞበት፣ ሞተር ሳይክል እየሮጠበት ከሆነ ያው የለም። የመንገድ ደህንነትን በተመለከተ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2020 በስቶክሆልም የተሰበሰቡ አገሮች እግረኛና ብስክሌተኛ ከመኪና ጋር በሚቀላቀልበት ቦታ የፍጥነት ወሰኑ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር እንዲሆን ተስማምተዋል። በየትምህርት ቤቱ በር ቢያንስ ጠዋትና ማታ ይህ ቢከበር የሚያስፈልገው ገንዘብ ምልክት፣ ማፍጠኛ መስበሪያና አንድ ትራፊክ ፖሊስ ነው።

ስፖርቱም ያተርፍበታል

ጉዳዩ የጤና ብቻ ሳይሆን የስፖርትም ነው። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተሳተፈችበት የ1956ቱ የሜልቦርን ኦሊምፒክ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ነበሩ። ገረመው ደንቦባ በጎዳና ውድድሩ 24ኛ ሆኖ ሲጨርስ ቡድኑ 9ኛ ወጥቷል። ይህ የሆነው አበበ ቢቂላ በሮም በባዶ እግሩ ከማሸነፉ አራት ዓመት በፊት ነው። ከዚያ በኋላ ሩጫው ሲገን ብስክሌቱ ወደ ኋላ ቀረ። የብስክሌት ፍቅር በጸናባት መቀሌ የተወለደው ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን ከሜልቦርን 60 ዓመት አልፏል።

ጎረቤት ኤርትራ የሚታየው ሌላ ነው። ከጣሊያን ዘመን ጀምሮ በአሥመራ ብስክሌት የዕለት ኑሮ ነው፤ ልጆች እሱ ላይ ያድጋሉ። ከዚያ የወጣው ቢንያም ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2024 በቱር ደ ፍራንስ ሦስት ዙር አሸንፎ የአረንጓዴውን ማሊያ ወሰደ። ከፍታው አንድ ነው፣ ሕዝቡም ቢሆን ሩቅ አይደለም። ልዩነቱ ያለው ስንት ልጅ በብስክሌት ያድጋል የሚለው ላይ ነው። ሩጫ ከትምህርት ቤት መንገድ እንደወጣ ሁሉ ብስክሌተኛም ከትምህርት ቤት መንገድ ይወጣል።

እርግጥ ከሺህ ልጆች አንዱ እንኳን ቢንያም ላይሆን ይችላል። የቀሩት ግን ጤነኛ ልብ ይዘው ያድጋሉ። ከዚህ የበለጠ የስፖርት ውጤት የለም።

ማን ምን ያድርግ?

ወላጅ ከሚችለው ይጀምር። ለሕፃን ልጅ ፔዳል የሌለው፣ በእግር መሬቱን እየገፉ የሚሄዱበት ትንሽ ብስክሌት ሚዛን ለማስተማር ከደጋፊ ጎማ ይሻላል። እሱ ከሌለ የተራውን ብስክሌት ፔዳል አስፈትቶ መቀመጫውን ዝቅ ማድረግ ነው፤ ማንኛውም የሰፈር ሳይክል ጠጋኝ በደቂቃ ይሠራዋል። በየሳምንቱ ፍሬኑን፣ ጎማውንና ሰንሰለቱን ማየት የአባት ወይም የእናት ሥራ ነው። ትልቅ መንገድ ላይ ደግሞ ልጅ ብቻውን ሳይሆን ከትልቅ ሰው ጋር ይውጣ። አንድ ነገር አይረሳ፤ ብስክሌቱ ለወንዱ ልጅ ብቻ አይደለም። ከላይ እንደታየው ከወንዶቹ ይልቅ ከእንቅስቃሴ የራቁት ሴቶቹ ናቸው። «ሴት ልጅ ሳይክል አያምርባትም» የሚለው ወሬ ዋጋው የእሷ ጤና ነው።

ትምህርት ቤት ሁለተኛው ነው። በስፖርት ክፍለ ጊዜ አሥር ብስክሌትና ኖራ የተሰመረበት ሜዳ ካለ መቆምን፣ መታጠፍን፣ እጅ ማሳየትን፣ ወደ ኋላ ማየትን ማስተማር ይቻላል። ልጅ ዋናን ጥልቅ ወንዝ ውስጥ እንደማይማር ሁሉ ብስክሌትንም ቀለበት መንገድ ላይ አይማርም። ቅዳሜ ግቢውን ለሰፈሩ ልጆች መክፈትም ይቻላል።

የብስክሌት ፌዴሬሽኑና ክለቦቹም ሊያስቡበት ይገባል። ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ከዋናው ውድድር ጋር የሕፃናት ሩጫ ለምዶ ስንቱን ልጅ ማሊያ አልብሷል። መንገድ ለብስክሌት ውድድር በተዘጋ ቀን ሁሉ ትልልቆቹ ከመነሳታቸው በፊት ለልጆች አንድ ዙር ቢሰጥ አስፋልቱ አስቀድሞ ተዘግቷል፣ ፖሊሱም ቆሟል። ወጪው ከአንድ ሰዓት አይበልጥም።

ትልቁ ሥራ ግን የከተማው ነው። ዋናውን የብስክሌት መስመር ከትምህርት ቤትና ከመኖሪያ ሰፈር ጋር ማገናኘት፣ መስመሩን ከመኪና መጠበቅ፣ በትምህርት ቤት ዙሪያ ፍጥነትን መገደብና መንገድ ለሰው የሚለቀቅበትን እሑድ ከትልልቅ አደባባዮች ወደየሰፈሩ ቅያስ ማውረድ ከወላጅ አቅም በላይ ነው።

የአርሲው ልጅ መንገዱን ያገኘው በችግር ነው፤ መኪና ስላልነበረ ሮጠ። የከተማው ልጅ መንገዱን የሚያገኘው ግን ታስቦበት ከተሠራለት ብቻ ነው። «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ይባላል። ቤት ውስጥ ይሁን። አስፋልት ላይ ግን ልጅን ለዕድሉ መተው አይቻልም።